ልብስ የለበሰው ዋይፋይ

በእኛ ቤት ራቁቱን የሚቀመጥ ዕቃ የለም። ቴሌቪዥኑ ነጭ ዳንቴል ለብሷል። ፍሪጁ አናቱ ላይ ባለአበባ ዳንቴል አለው። የሶፋው መደገፊያና የሬዲዮው ጀርባ፣ የውሃ ማጣሪያው ሳይቀር እናቴ በኪሮሿ የሠራችላቸውን ለብሰዋል። ስለዚህ የቤት ኢንተርኔት ያስገባን ቀን ሠራተኞቹ ሞደሙን ቡፌው ላይ አስቀምጠው ገና ከግቢ ሳይወጡ እናቴ በስንዝር ስትለካው አየኋት። ብዙም ሳይቆይ ነጭ ሆኖ ጠርዙ አረንጓዴ የሆነ፣ ለአንቴናዎቹ መውጫ የተተወለት ልብስ ለበሰ። አቧራ እንዳይነካው ደግሞ ከቡፌው መስታወት ውስጥ፣ ከእንግዳ ብርጭቆዎች አጠገብ ገባ። ሁላችንም "ዋይፋዩ" የምንለው ያ ትንሽ ሳጥን ሙሽራ መሰለ። እኔም አይቼ ሳቅሁና ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ዋይፋዩ ቤታችን የገባው በታናሽ ወንድሜ ምክንያት ነው። ወንድሜ ደቡብ አፍሪካ ነው። እኛ ባለንባት ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ይህን ስናገር ለምን ሄደ ብሎ የሚጠይቀኝ የለም፤ ከየሰፈሩ የሄደ አለ። የእኛው ግን የሄደው ለአባቴ ሳይነግረው ነው። ቢነግረው እንደማይለቀው ያውቃል። አንድ ጠዋት ስንነሳ አልጋው ተነጥፎ እሱ የለም። አባቴ ያን ቀን አልጮኸም፣ አልተሳደበም። "እጄን ሳልጭንበት ሄደ" ብቻ ነው ያለው። በእኛ ቤት መንገደኛ ይንበረከካል፣ አባቴ አናቱ ላይ እጁን ጭኖ ይመርቀዋል፣ ከዚያ ነው የሚወጣው። እኔ እንኳን ለስልጠና ሐዋሳ ስሄድ ተንበርክኬያለሁ። ወንድሜ በሰላም ከደረሰ በኋላ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀ፤ አባቴም ከልቡ ይቅር አለው። ግን የወንድሜ ነገር በተነሳ ቁጥር መዳፉን ገልበጥ አድርጎ ያያል።

አሁን ያ ልጅ ሊያገባ ነው። ሙሽራዋን ያገኛት እዚያው ነው፤ የዱራሜ ልጅ ናት። አባቴ ደስታው ወሰን አልነበረውም፤ አንድ ነገር ላይ ግን ድርቅ አለ።

"በስልክ አልመርቅም። ሲንበረከክ ማየት አለብኝ" አለ።

የልጅቷ ወላጆችም ሐሳቡን ወደዱት። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሙሽሮቹ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳቸው በፊት፣ ወላጆቿ ከዱራሜ እኛ ቤት መጥተው በቪዲዮ አብረን እንድንመርቅ ተስማማን። ሁሉ ነገር አማረ። የቀረው ዋይፋዩ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ከሰዓት ላይ አይታመንም።

ጠዋት ጠዋት ጨዋ ነው። ከምሳ በኋላ ግን ወንድሜ እያወራ ሳለ አፉን እንደከፈተ ይደርቃል። ወዲያው የሞደሙ መብራቶች በሙሉ ይጠፋሉ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየበሩ እንደ አዲስ ይነሳል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ያው ነው። የመስመር ሠራተኞች መጥተው ከምሰሶው እስከ ግድግዳችን ድረስ ፈተሹ፤ መስመሩ ንጹሕ ነው፣ ችግሩ ከቤት ውስጥ ነው አሉን። እውነታቸውን ነበር።

ለወንድሜ ይህን ስነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

"እትዬ፣ አንቺ እንዳትነካኪው። ከሰፈር አንድ ወንድ ጥሪ፤ ይሄ የወንድ ሥራ ነው።"

ደሜ ፈላ። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሂሳብ የማስተምር ሴት ነኝ። ይህን ልጅ ማባዛት ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ የመጀመሪያ ስልኩን የከፈትኩለትም እኔ ነኝ። "ሠርግህን አስብ፤ ዋይፋዩን ለኔ ተውልኝ" አልኩና ዘጋሁበት። ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ግን ፈራሁ፤ አሁን ቢበላሽ የአባቴ ምርቃት በእኔ እጅ ነው የሚበላሸው።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ላፕቶፔን በኬብል ከሞደሙ ጋር አገናኘሁ። የመግቢያ አድራሻው ሆዱ ላይ ተጽፏል፤ ለማንበብ ልብሱን ገለብ ማድረግ ነበረብኝ፤ እናቴ "ቀስ!" አለችኝ። ገጹ ሲከፈት ፈርምዌሩ፣ ማለትም ሞደሙ የሚሠራበት የውስጥ ሶፍትዌር፣ ያረጀ መሆኑን አየሁ። አምራቹ ከዚያ ወዲህ አዲስ አውጥቷል፤ "በድንገት ጠፍቶ የመነሳት ችግር ተስተካክሏል" የሚልም ጽፎበታል። አገኘሁህ አልኩ። በስልኬ ዳታ አወረድኩትና መጫን ጀመርኩ። ገጹ በቀይ ጽሑፍ "በመጫን ላይ ሳለ ኃይል እንዳይቋረጥ" ይላል። ሰማያዊው መስመር ቀስ እያለ ይሞላል። እኔም ለወንድሜ የምልከውን የጉራ መልእክት በልቤ እያዘጋጀሁ ነበር።

ያኔ ነጎድጓድ አጉረመረመ።

የሆሳዕናን ዝናብ የሚያውቅ ሰው ቀጥሎ የሆነውን አሁኑኑ ገብቶታል። አንድ ጊዜ መብረቅ የጎረቤታችንን ቴሌቪዥን አቃጥሎታል። ከዚያ ወዲህ በእኛ ቤት ነጎድጓድ ከተሰማ አባቴ ዕቃው ሁሉ የተሰካበትን ዲቫይደር ከግድግዳው ይነቅላል። ጉልበቱን ያመዋል፤ ከወንበር ሲነሳ "እህ" ይላል፤ ለነጎድጓድ ሲሆን ግን ይፈተለካል። "አባዬ፣ ተው!" ብዬ ሳልጨርስ ገመዱ እጁ ላይ ነበር።

"ዳነ!" አለኝ በኩራት።

ምን ይባላል? አባት ላይ አይጮህም። መልሼ ስሰካው ሞደሙ አንዲት ቀይ መብራት አብርቶ ዝም አለ። አይጠፋም፣ አይነሳም። እናቴ "ሞተ እንዴ?" አለች። እኔ ወጥቼ ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ቆምኩ። ዝናቡ ሰፋፊው ቅጠል ላይ ይወርዳል፤ እኔም ማንም ሳያየኝ አለቀስኩ። ያዘንኩት ለሞደሙ አልነበረም። መስኮቱ ላይ አባቴ ቆሞ ያንን መዳፉን ሲያይ አየሁት፤ ምን እንዳደረገ ገብቶታል።

እልህ ያዘኝ። ገብቼ በስልኬ የአምራቹን መመሪያ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ለካ ሳጥኑ አስቦበታል፤ ዋናው ሶፍትዌር ቢበላሽ እንኳ አንዲት ትንሽ ክፍል ተለይታ ትቀመጣለች፤ ሥራዋ አዲስ ፈርምዌር መቀበል ብቻ ነው። እሷን ለመቀስቀስ ከጀርባው ባለች ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ያለችውን ቁልፍ ተጭኖ ይዞ ሞደሙን ማብራት ነው። መርፌ ሞከርኩ፣ አንሸራተተኝ። የእስክሪብቶ ጫፍ አልገባ አለ። እናቴ ሳትጠየቅ ከሥራ ቅርጫቷ ቀጭኑን ኪሮሿን አውጥታ ሰጠችኝ፤ ልክክ አለ።

"አባዬ፣ አንተ ሶኬቱ አጠገብ ቁጭ በል። ማንም እንዳይነቅለው ጠብቅልኝ" አልኩት።

ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ቁልፉን ተጭኜ አበራሁ፤ መብራቷ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች፤ ላፕቶፑ ላይ አንድ ባዶ የሚመስል ገጽ ከፋይል መምረጫ ጋር ተከፈተ። ጫንኩት። መስመሩ ግማሽ ሲደርስ ሰማዩ እንደገና አጉረመረመ። ቀና ስል የአባቴ እጅ ወደ ሶኬቱ ሲሄድ አየሁ። መሃል ላይ ቆመ። ከዚያ እጁን መልሶ ከጭኑ ሥር ከተተና ተቀመጠበት። እስከ ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል።

ሞደሙ ተነሳ! መብራቶቹ አንድ በአንድ አረንጓዴ ሆኑ። እናቴ እልል አለች፣ አባቴ "ተመስገን" አለ። እኔም ለወንድሜ "የወንዱን ሥራ ጨርሻለሁ" ብዬ ላክሁለት። እናቴ ልብሱን አስተካክላ አለበሰችውና ወደ መስታወቱ መለሰችው።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ተቋረጠ።

ሳጥኑን አንስቼ ግቢ ልወረውረው ነበር። እጄን ወደ ቡፌው ስሰድ ግን ከመስታወቱ ውስጥ ወበቅ ፊቴን መታኝ። ዳንቴሉን ስነካው ይሞቃል፤ ከሥሩ ያለው ሞደም ደግሞ ገና ከምድጃ እንደወረደ ድስት ነው። ዞር ስል የከሰዓቷ ፀሐይ በምዕራቡ መስኮት ገብታ ቡፌው ላይ ተኝታለች። ጠዋት ጨዋ የሚሆነው፣ ከሰዓት የሚያብደው ለዚህ ነው! ያን ሁሉ ፈርምዌር ስገለብጥ በሽተኛው ታፍኖ ነበር። ልብሱን አውልቄ ከመስታወቱ አውጥቼ ክፍት መስኮት አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጥኩት። ላፕቶፑ ላይ ቪዲዮ ከፍቼ እስኪመሽ ተውኩት፤ ንቅንቅ አላለም።

የቀረው እናቴ ነበረች፤ እሷ ደግሞ ከፈርምዌሩ ትብሳለች።

"አማቾቼ ሊመጡ ራቁቱን ላስቀምጠው?" አለች።

"እማዬ፣ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ነው እኮ የሚጠፋው።"

"ዳንቴል እኮ ነው! ሁለመናው ቀዳዳ አይደል?"

በማግስቱ ከሰዓት፣ እሷ እያየች፣ መልሼ አለበስኩትና መስታወቱ ውስጥ ከተትኩት። ጥቂት ቆይቼ እጇን ይዤ አናቱ ላይ አሳረፍኩት።

"ውይ! ትኩሳት አለው!" ብላ እጇን ሳበች።

"ወንድሜ ሕፃን ሳለ ትኩሳት ሲይዘው ምን ታደርጊ ነበር?"

ልብሱን አውልቃ በር ላይ፣ ነፋሱ ላይ ትይዘው እንደነበር እኔም አስታውሳለሁ። ከዚያ በገዛ እጇ ዳንቴሉን ገፈፈች፣ አጣጥፋ ቅርጫቷ ውስጥ ከተተች። በርጩማውንም ወደ መስኮቱ ይበልጥ የገፋችው እሷ ናት።

ቅዳሜ አማቾቻችን ከዱራሜ መጡ። አባቴ መናኸሪያ ድረስ ሄዶ ተቀበላቸው፤ በባጃጅ ይዟቸው መጣ። የሙሽራዋ እናት ገና ሳይቀመጡ ቤቱን ቃኘት አደረጉና በርጩማው ላይ ዐይናቸው አረፈ።

"ይሄ ምነው ልብስ የለውም? የኛን እኔ ሮዝ አልብሼዋለሁ" አሉ።

እናቴ ቀና ብላ፣ "ታፍኖ ነበር። ልጄ ናት ያወቀችለት። የእናንተስ ከሰዓት ይቋረጣል?" አለች።

ሴትዮዋ ባላቸውን አዩ። ባላቸው ሳቅ ሲያፍናቸው አየሁ። ዱራሜ ሄጄ ያንን ሮዝ ልብስ እንድገፍ ወዲያው ተጋበዝኩ። እውነቱን ልናገር፣ ዲግሪዬን ስቀበል እንደዚያ አልኮራሁም።

ሰዓቱ ሲደርስ ደወልን። ሁለቱም ጥርት ብለው ወጡ፤ እሷ በቬሎ፣ ወንድሜ በሱፍ። ወንድሜ ከሁሉ በፊት "ማን ሠራው?" ብሎ ጠየቀ። እናቴ "ወንዱ!" አለችና በጣቷ እኔን አሳየችው። ሁለቱም ወገን ሳቀ። ከዚያ አባቴ ተነሳ፤ ሳቁም ቆመ። ወንድሜ ሳይነገረው ተንበረከከ፤ ሙሽራዋም አጠገቡ።

እኛ ሀድይኛ፣ እነሱ ከምባትኛ ስለምንናገር እስከዚያ ድረስ በአማርኛ ነበር የምንጫወተው። ለምርቃት ግን አባቴ በራሱ ቋንቋ ጀመረ። ላፕቶፑ አጠገብ ቆሟል። ስክሪኑን እንዳይነካ አስቀድሜ ነግሬው ስለነበር እጁን ከፍ አድርጎ ከላፕቶፑ አናት ላይ አሳረፈው።

"አባዬ! ጠፋችሁ! ጨለመብኝ!" ብሎ ወንድሜ ጮኸ።

እናቴ ደረቷን መታች። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ ሞደሙ ዞርኩ፤ መብራቶቹ በሙሉ አረንጓዴ ናቸው። ወንድሜም እኛ ዘንድ ጥርት ብሎ ይታያል። ከዚያ የአባቴን ጣቶች አየሁ፤ ካሜራው ላይ ተኝተዋል።

"አልተቋረጠም! የአባዬ እጅ ነው የሸፈነህ። አባዬ፣ ትንሽ ከፍ..."

"ተዪው፣ እትዬ" አለ ወንድሜ። "እጁ ከሆነ አያንሳው።"

አባቴ ሰማው። እጁን አላነሳም፤ እንዲያውም ጫን አደረገው። ሌላ ጊዜ ከሚመርቀው በጣም አስረዝሞ መረቀ፤ ሁላችንም በየመሃሉ አሜን እንላለን። ወንድሜ ምርቃቱ እስኪያልቅ አንዳችንንም አላየም። እኛ ግን እናየው ነበር፤ ዐይኑን ጨፍኖ፣ አናቱን ከአባቴ እጅ ሥር ዝቅ አድርጎ ነበር።