የጠመኔ ማይክሮስኮፕ

በለጡ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ማይክሮስኮፕ ትስላለች፤ ሌንሱን፣ ማዞሪያውን፣ እግሩን ሳይቀር። በእጇ ግን አንድም ቀን ነክታው አታውቅም። ከሐረሩ ኤረር በር አለፍ ብሎ ያለው ትምህርት ቤቷ «ላብራቶሪ» የሚል ታፔላ የተለጠፈበት ክፍል አለው፤ ውስጡ የተሰበረ ዴስክ ነው። ታፔላ የለጠፈ ሁሉ ላብራቶሪ የሠራ ይመስለዋል፤ ሪፖርቱም እንደዚያው ይላል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያንን በር ከፍቶ ያየ ኃላፊ ጠፋ? ወይስ አይቶ ዘጋው?

ዘንድሮ ክረምት አንድ ዩኒቨርሲቲ በምርምር ላብራቶሪው ስድስት ሳምንት እንድትሠራ ጠራት። የተግባር ፈተናውን ካለፈች ለትምህርት ቤቷ አንድ ማይክሮስኮፕ ይሰጣል። የማይክሮስኮፑ ሳጥን የትምህርት ቤቱ ስም ተጽፎበት በሩ አጠገብ ተቀምጧል። የላብራቶሪው ኃላፊ ደግሞ ዶክተር ነስሮ ነው፤ የራሷ ተማሪ የነበረው።

ጭንቋ ይሄ ነበር። ያስተማረችው ልጅ ፊት «አላውቀውም» ማለት ሞት መሰላት። እሷም ብትሆን ጥፋት አለባት፤ አፍ የተፈጠረው ለመጠየቅም ነው። አምስት ሳምንት ዕቃ እያጠበች፣ ብልቃጥ ላይ ስም እየለጠፈች ከማይክሮስኮፑ ሸሸች። ቤቷ ስትገባ የወተት ጣሳ ክዳን እንደ ማዞሪያው እያዞረች ትለማመዳለች። የሽንኩርት ስስ ሽፋን መግፈፍ ለመልመድም በየቀኑ ከጊደር መጋላ ገበያ አንዲት ራስ ሽንኩርት ትገዛለች። ሻጯ ነኢማ ትስቅባታለች፦

«ወላሂ ቲቸር፣ በአንድ ሽንኩርት ወጥ የሚሠራ ሰው ካንቺ በቀር አላየሁም።»

የፈተናው ቀን ደረሰ። ዓይኗን የላይኛው ሌንስ ላይ እንደተከለች ትልቁን ማዞሪያ አዞረችው። የታችኛው ሌንስ ወረደ፤ ናሙናው ያለበት ስስ መስታወት ቀጭ አለና ተሰነጠቀ። «በሌንሱ እያያችሁ አታውርዱ፤ መጀመሪያ ከጎን ተመልከቱ» እያለች ያስተማረችው እሷ ናት። በየዓመቱም ፈተና ላይ ታወጣዋለች። ተማሪዋ ሳለ ነስሮ ራሱ መልሶታል።

ነስሮ ጠጋ ብሎ፣ ሌሎቹ የላብራቶሪው ሠራተኞች እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የተሰበረ ዕቃ ማስመዝገቢያ ቅጹ ላይ «አዳለጠኝ» ብላ እንድትሞላ፣ እሱም ማለፏን እንደሚፈርምላት ነገራት። በለጡ ሳጥኑን አየችው። ቢፈርም ነገ ይጫናል። ከዚያስ? ማን ሊከፍተው? ዴስኩ ላይ ሌላ ዕቃ ተጨምሮ ይቆለፍበታል።

«ምክንያት» የሚለው መስመር ላይ ጻፈች፦ «ነክቼው አላውቅም።»

ነስሮ አነበበው። «ቲቸር፣ ማይክሮስኮፑን የሚሰጠው ኮሚቴ ይህን ካየ ሳጥኑን ለሌላ ትምህርት ቤት ይሰጥብዎታል» አላት።

«ይየው። አንተም እስክችል እንዳትፈርም።»

ኮሚቴው የሚሰበሰበው ከሳምንት በኋላ ነው። ነስሮ ቅጹን ፋይሉ ውስጥ አስገብቶ ሌላ መስታወት አመጣላት። ወንበሩን ሳበች፤ አንገቷን አዘንብላ ሌንሱና መስታወቱ መሃል ያለችውን ክፍተት ከጎን እያየች ማዞሪያውን ያዘች። ሌንሱን በጥቂት በጥቂቱ ማውረድ ጀመረች።