የፈረስ ቀንበር

የበግ አጎዛ በፈረስ ላብ ሲርስ የሚያወጣው ጠረን ከጨውና ከእርጥብ ሱፍ መሃል ያለ ነገር ነው። ባለፈው ወር ከእንጅባራ በተሳፈርኩበት አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሰው ከኮርቻ ሥር የሚነጠፍ አጎዛ ጠቅልሎ ከጎኔ ሲቀመጥ ያ ጠረን መጣና፣ ከጥርባ ሐይቅ በላይ ወደነበረው ግቢያችን፣ ስምንት ዓመት ወደሆነኝ ዓመት ወሰደኝ።

በዚያ ዓመት በሚያዝያ ከሁለቱ በሬዎቻችን አንዱ ሞተ፣ በግንቦት ሁለተኛው ተከተለው። በአገራችን ልማድ አንድ በሬ የቀረው ሰው እንደሱ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ተራ በተራ ያርስ ነበር፤ ምንም ያልቀረው ግን በጉልበቱ ሌላውን አገልግሎ፣ ሁሉም አርሶ ሲጨርስ የሰው በሬ እስኪደርሰው መጠበቅ ነበረበት፣ እስከዚያ ደግሞ የገብሱ ወቅት ያልፋል። የቀሩን ዳማ የምንለው ፈረስና አንዲት ባዝራ ነበሩ። ፈረስ በእኛ ዘንድ ለሠርግ፣ ለንግሥ በዓልና ለለቅሶ የሚወጣ የሰው ክብር ነበር፤ ሰው በስሙ ከመጠራቱ በፊት በፈረሱ ይታወቅ ነበር፣ ፈረሱን ጠመደ የተባለ ሰው ደግሞ ከሸንጎ ቢቀር ማንም የት ሄደ አይለውም ነበር።

አባቴ ከዋንዛ እንጨት ቀለል ያለ ቀንበር ጠረበ። ፈረስ እንደ በሬ ሻኛ ስለሌለው ቀንበሩ ወደፊት እንዳይንሸራተት በደረት ዙሪያ የሚታሰር ጠፍር ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ በግራና በቀኝ ትርፍ ቀዳዳዎች በሳ፣ አንገታቸው ተልጦ ነገሩ በሠርግ ላይ እንዳይታወቅም ከሥሩ የበግ አጎዛ ቸነከረበት። ጎህ ሲቀድ እሱ እርፉን ይዞ፣ ታላቅ እህቴ የሻረግ ፊት ፊት ልጓም እየሳበች ያርሱ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከቀርከሃው አጥር ጥግ ቆሜ መንገዱን እየጠበቅሁ ሰው ብቅ ሲል አስል ነበር። ፀሐይ ስትወጣ ቀንበሩ ከጭድ ሥር ይገባና ዳማ ኮርቻው ተጭኖበት ምንም እንዳልሠራ ከደጅ ይቆም ነበር።

ክረምቱ አለፈ፣ ገብሱም ደህና ያዘ። በመስከረም አጎቴ ሁለት ወይፈኖች ሰጠንና አባቴ ቀንበሩን ራሱ ፈልጦ ከምድጃ ጨመረው፤ እኛም ማንም ሳይነግረን እንዳልነበረ ቆጠርነው።

በኅዳር የየሻረግ ነገር መጣ። ዳንግላ አጠገብ የሚኖሩት አያ ቢተው ለልጃቸው ሊጠይቋት እኛ ዘንድ መጡ፣ ሁለት ቀን አድረው ዳማን አድንቀው ግቢያችንን አይተው ሲመለሱ፣ አባቴ እነሱ ቤት ሄዶ ቃሉን እንዲቋጭ አብሯቸው ተነሣ። ዓይኔን ያመኝ ስለነበር እኔንም ለሐኪም ሊያሳየኝ ይዞኝ ሄደ፣ ሦስታችንም ከሌሎች ተሳፋሪዎችና ከድንች ጆንያ ጋር በጭነት መኪና ላይ ተጫንን።

ከእንጅባራ ብዙም ሳንርቅ የመኪናው ውኃ ፈላና ሾፌሩ ከአንድ ሣር ክዳን ቤት አጠገብ አቆመ። ቤቱ የአቶ ሙጬ ነበር፤ እሳቸው ከደብረ ማርቆስ የመጡ፣ በግብርና ሥራ ጡረታ የወጡ፣ አገውኛ የማይሰሙ ሰው ሲሆኑ፣ ጎጇቸውን በእርሻ ዕቃ ሞልተው ሙዚየም ብለውት የቆመን መንገደኛ ሁሉ ያስገቡ ነበር፤ እኛንም አስገቡን። ሞፈሩ፣ መንሹ፣ ማጭዱ፣ የቀርከሃው ጎተራ በተራ ተደርድሮ እያንዳንዱ ላይ በቀለም የተጻፈ ካርድ ተንጠልጥሏል። አንዲት አሮጊት ተሳፋሪ ባለቤቶቹ ምን ሆነው ዕቃቸው እዚህ እንደቀረ ጠየቁ። አቶ ሙጬ አንድ ቀን ይህ ሁሉ በትራክተር እንደሚተካና የልጅ ልጆቻችን ሊያዩት እንደሚመጡ ሲያስረዱ፣ አንዱ ተሳፋሪ፣ እስከዚያው እህሌ ከአውድማ ላይ ነውና ማዝሪያውን ላይዳ ያውሱኝ አላቸው።

ከግድግዳው ላይ ካርዱ ባዶ የሆነ አንድ ዕቃ ነበር። ቀለል ያለ ቀንበር ነው፤ ትርፍ ቀዳዳዎች አሉት፣ ከሥሩ የተበላ ሱፍ ይታያል። የእኛው ነድዷል፤ ይህ የሌላ ሰው ነበር። አቶ ሙጬ ከአንድ ባዶ ቤት እንዳገኙት፣ ለሁለት ዓመት ያለፈውን ገበሬ ሁሉ ቢጠይቁ አውቀዋለሁ ያለ እንዳልተገኘ ነገሩን። አያ ቢተው ዳሰስ አድርገው የወይፈን መግሪያ ነው አሉ። አቶ ሙጬ ደስ ብሏቸው ብዕራቸውን ነከሩ።

እኔ በታመመ ዓይኔ ተጠግቼ ነበር የማየው። «አባባ፣ እንደ ዳማ ቀንበር ነው» አልኩ።

አቶ ሙጬ ብዕራቸውን አንሥተው ዳማ ማን እንደሆነ ጠየቁ። አያ ቢተው ወደ አባቴ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በአገውኛ፣ ልጅቱ የምትለው እውነት ነው ወይ አሉት። አባቴ በዚያው ቋንቋ ልጅ ናት ብሎ ቢመልስ ነገሩ በሁለቱ መሃል ይቀር ነበር፤ እኔም ያንኑ እየጠበቅሁ ነበር። እሱ ግን ቀንበሩን፣ ከዚያ ባዶውን ካርድ ሲያይ ቆየና በአማርኛ መለሰ።

«ዳማ ፈረሴ ነው። ይህ የፈረስ ቀንበር ነው፤ ዘንድሮ አርሼበታለሁ።»

ከዚያም ጠፍሩ በየት በኩል እንደሚያልፍ በጣቱ እያሳየ ለአቶ ሙጬ አስረዳ። በጎጆው ውስጥ የነበረው ተሳፋሪ ሁሉ ተጠግቶ ያዳምጥ ነበር።

«ታዲያ ለሠርጉ ኮርቻውን በሬ ላይ ጭነው ሊመጡ ነዋ፣ አያ ተገኘ» አሉት አያ ቢተው አባቴን።

«በሬ ቢኖረኝማ ፈረሱን መች ጠመድኩት።»

ተሳፋሪው ሳቀ፤ አያ ቢተው አልሳቁም። እስከ ዳንግላ ድረስ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ። እቤታቸው ስንደርስ ቀርቦልን በላን፣ ስለ ዝናብና ስለ ድንች ተወራ፣ የየሻረግ ስም ግን አልተነሣም። በታኅሣሥ አንድ ዘመዳቸው መጥቶ ልጁ የቤተ ክህነት ትምህርት ሊቀጥል ነው ብሎ ነገረን፤ በጥር ልጁ ሌላ ቦታ መዳሩን ሰማን።

የሻረግ ነገሩ በማን አፍ እንደወጣ ካወቀች በኋላ ለብዙ ቀን አላነጋገረችኝም። አንድ ቀን ድንች ስንቆፍር ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«ፊት ፊት ስስብ የነበርኩት እኔ መሆኔንስ ነገራችኋቸው?»

አልነገርንም ነበር። ይህንኑ ስነግራት፣ «እኔንም ማንሣት ነበረባችሁ» ብላ መቆፈሯን ቀጠለች። በኋላ ከአዘና የመጣ ሰው አግብቷት አሁን ሦስት ልጆች አሏት፤ ባሏ ነገሩን ከራሷ አፍ ነው የሰማው።

በዚህ ሰኔ በዚያው መንገድ ሳልፍ አንድ ሰው በሁለት ፈረስ ከአስፋልቱ አጠገብ በጠራራ ፀሐይ ሲያርስ አየሁ። ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋለት፣ ሰውየውም ጅራፉን አንሥቶ ሰላምታ መለሰ፤ ከተሳፋሪው ቀና ብሎ ያየ አልነበረም። ቤት ስደርስ ለአባቴ ነገርኩት። እሱም በጠራራ ፀሐይ መሆኑን ደግሞ ጠይቆ አረጋገጠና፣ «የማን ልጅ ነው?» አለኝ።

አላውቅም አልኩት። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቅ ስለነበር የሚደበቅ ነገር ነበረው፤ እኔ ግን የሰውየውን አባት ቀርቶ መንደሩንም አልጠየቅሁም፣ አውቶቡሱ በፍጥነት አልፎት ሄደ።