ከኋላ ወደ ፊት የሚገለጥ ጭራቅ

ፈሪ ነኝ። «ፈሪ ለእናቱ» የሚለውን ተረት ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ እናቴ በሕይወት ሳለች ብታገኘው ኖሮ ግን ጉልበቱን ስማ ትመርቀው ነበር። ቢቸና ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። ደም አልፈራም፣ መርፌ አልፈራም፣ የሰው ሰገራም አያስጠላኝም። የምፈራው ከደጅ የሚመጣውን ነው። ያሳለፍናቸውን ዓመታት የሚያውቅ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቀኝም።

የሰባት ዓመቷ ልጄ ደግሞ ከእኔ ባሰች። ተኩስ የሰማን ሰሞን ነው የጀመራት። ከዚያ ወዲህ የባጃጅ ጭስ ማውጫ ሲንጣጣ እንኳ አልጋ ሥር ትገባለች። ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ቀሚሴን ትይዛለች፤ ያዘች ማለት ያዘች ነው፤ ሽንኩርት ስከትፍም ልብስ ሳጥብም አትለቅም። «ጭራቁ መጣ?» ትለኛለች። ጭራቅ የምትለው ፊቱን በጨርቅ የሸፈነ ሰው ነው፤ አንድ ቀን በመስኮት አይታ ኖሯል። አባቷ ለሥራ ከራቀ ቆይቷልና ቤት ውስጥ ያለነው ሁለት ፈሪዎች ብቻ ነን። አንዷ ሌላዋን ታጽናናለች ተብሎ ይጠበቃል።

መጽሐፉን የሰጠን ከሩቅ አገር ተመድቦ አብሮን ይሠራ የነበረ ሐኪም ነው። ዝውውር ሲያገኝ ዕቃውን አከፋፈለ። ለአንዱ ፍራሽ፣ ለአንዷ ባልዲ ሲደርስ፣ ለእኔ እንደ ወፍጮ መጅ የከበደ መጽሐፍ ደረሰኝ። በልቤ «ምነው ባልዲው በሆነ» አልሁ። የአንድ ሱፐር ሂሮ ፊልም የኮንሴፕት አርት መጽሐፍ ነበር። ፊልሙ ከመቀረጹ በፊት ሠዓሊዎቹ ጀግናው ምን ይልበስ፣ ጭራቁ ምን ይምሰል እያሉ የሞከሩት ሥዕል ሁሉ ተሰብስቦበታል። ፊልሙን ራሱን እስከ ዛሬ አላየነውም።

ልጄ መጀመሪያ የጠላችው ጀግናውን ነው። ጥፋቱ የአባቴ ነው። አባቴ ሞጣ የሚኖሩ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው። «ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያይሻል፤ ክፉ ግን በጎኑ ዞሮ ባንድ ዓይን ነው የሚሳለው» ብለው አስተምረዋታል። የመጽሐፉ ጀግና ደግሞ ሲዘልም ሲበርም ሁልጊዜ በጎኑ ነው። ቀንዳም ጥቁር ጭምብል ያጠለቀው ጭራቅ ግን ሁለት ዓይኑን ፊት ለፊት አፍጥጧል። «እማ፣ በራሪው ሰይጣን ነው፤ ቀንዳሙ ጻድቅ ነው» አለችኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን መጽሐፉን ከኋላ ወደ ፊት መግለጥ ጀመረች። መጨረሻው ላይ ጭራቁ ሙሉ ነው፤ ጥፍሩ ሳይቀር። ወደ ፊት በተገለጠ ቁጥር አንድ ነገር ይወልቅለታል። ቀንዱ ወለቀ። ጥፍሩ ወለቀ። አንድ ገጽ ላይ ተዋናዩ ጭምብሉን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በወረቀት ኩባያ ሻይ ይጠጣል። ከዚያ የእርሳስ ጭረት፣ መጀመሪያው ላይ እንቁላል የምታህል ባዶ ክብ። «እማ! ከውስጥ ሰው ነው!» ብላ ጮኸች። እስኪመሽ ድረስ ስትገልጥ ቆየች።

ከዚያ ወዲህ አልጋ ሥር መግባት ተወች። ደጅ ኮቴ ስትሰማ «ከውስጥ ሰው ነው» ትላለች ለራሷ፣ ቀስ ብላ። ቀሚሴንም ለቀቀች። ፍርሃቷን እንድትወስድላት ለእመቤቴ ተስዬ ስለነበር ስለቴን አገባሁ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

መንገድ ተከፍቷል ሲባል ወደ ሞጣ ተሳፈርን። አባቴ «ልጅቱን ሳላያት ልሙት?» እያሉ በስልክ አላስቆም አላስቀምጥ ብለውኝ ነበር። እሷም መጽሐፉን ለአያቴ ካላሳየሁ አልሄድም አለች። ያን ድንጋይ በቦርሳዬ ተሸክሜ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ደብረ ወርቅን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ጠመንጃ የያዙ ሰዎች አስቆሙን። የማን እንደሆኑ አልጠየቅንም፤ በዚህ ዘመን ይህ ጥያቄ አይጠየቅም። ውረዱ አሉን፤ ወረድን።

የእኔን ቦርሳ የፈተሸው ፊቱን እስከ ዓይኑ ሥር በፎጣ የጠቀለለ ወጣት ነበር። መታወቂያዬን አይቶ መለሰልኝ። ቀጥሎ መጽሐፉን አወጣ። መግለጥ ጀመረ። ለካ ያን መጽሐፍ በፈታሽ ዓይን አይቼው አላውቅም! ተፈታቶም ተገጣጥሞም የተሳለ መሣሪያ አለ። የሚነድ ከተማ አለ። በሁለት ገደል መካከል ተሰብሮ የተንጠለጠለ ድልድይ አለ።

«ይሄ ዓባይ ድልድይ ነው?»

«ኧረ አይደለም፣ ጌታው! የፊልም ነው። እንዲህ ያለ ድልድይ የትም የለም፤ ይመኑኝ» አልሁ። ታናሽ ወንድሜ የሚሆነውን ልጅ አንቱ አልሁት።

«የትም የሌለ ድልድይ ምን ሊያደርግ ይሳላል?»

«ምነው ባልዲው በሆነ» ያልሁት ትዝ አለኝ። ይህን ጊዜ ልጄ ከጎኔ ወጣች። እጄን ዘረጋሁ፤ አልደረስሁባትም።

«እሱን ተወው፤ ከኋላ ነው የሚገለጠው» አለችና እዚያው ክንዱ ላይ ትገልጥለት ጀመር። «አየኸው? ጭራቅ ነው። አሁን ቀንዱ ወለቀ። አሁን ሻይ እየጠጣ ነው። አየህ፣ ሰው ነው!» ከዚያ ቀና ብላ አየችው። «አንተስ? ከውስጥ ሰው ነህ?»

አብረውን የተሳፈሩ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ደግሞ ወደ እመቤቴ ዞርሁ፤ የወሰድሽላትን ፍርሃት መልሺላት፣ አሁኑኑ መልሺላት ብዬ ለመንኋት። ስለት አግብቶ የተወሰደለትን መልሱልኝ ያለ ሰው ከእኔ በፊት ይኑር አይኑር አላውቅም።

ወጣቱ ዙሪያውን ገልመጥ አደረገና ፎጣውን እስከ አገጩ ዝቅ አደረገው። «አዎ፣ ሰው ነኝ» አላት። ገና ጢም አላወጣም። የላይ ከንፈሩ ላይ ጠባሳ አለ፤ ፈገግ ሲል የፊት ጥርሱ ጫፉ ተሸርፏል። መልከ መልካም ልጅ ነው። ማየት ያልነበረብኝን አየሁ።

ከወዲያ ማዶ አንዱ ሲጠራው ፎጣውን ባንዴ ወደ ላይ ሳበው። ያደረገው ነገር የገባው ያን ጊዜ ይመስለኛል። ዓይኑ ተለወጠ። ፈሪ ፈሪን አይስትም፤ ፈርቶ ነበር፤ የፈራ ባለ ጠመንጃ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው።

«ምን አየሽ?» አለኝ።

«ምንም አላየሁም።»

«አንቺስ?»

ልጄ አፏን ልትከፍት ስትል በመዳፌ ከደንሁት። «እሷም አላየችም» አልሁ። ትንፋሿ መዳፌን ሲያሞቀው ይሰማኛል። አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየ። በመጨረሻ መጽሐፉን ደረቴ ላይ ገፋ አድርጎ «ሂዱ» አለ።

ሚኒባሷ ተነሣች። ልጄ «እማ፣ ጥርሱን አየሽው?» ስትል መሪጌታው ዘወር አሉና «ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ» አሏት። ሞጣ ገባን።

አባቴ ሲያዩን አለቀሱ። ልጄን ቀለማቸው አጠገብ አስቀምጠው ብራናውን ሳይሆን ወረቀት ሰጧት፤ እኔ ደግሞ ድካሙ ጥሎኝ መደቡ ላይ ጋደም አልሁ። ስነሣ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ሥዕል ያያሉ። ከንፈሩ ላይ ጠባሳ፣ ጫፉ የተሸረፈ ጥርስ፣ ፊት ለፊት የሚያዩ ሁለት ዓይኖች። የሣለው እጅ የሰባት ዓመት ልጅ እጅ ነው፤ ሆኖም የአያቷ ልጅ ናትና ያ ባለ ፎጣ ወጣት እዚያው ወረቀቱ ላይ ቁጭ ብሏል።

«ይሄ ማነው? ጥሩ አርጋ ሥላዋለች» አሉ አባቴ።

ነገርኋቸው። ፈገግታቸው ከፊታቸው ጠፋ። የእሳቸው ቤት ሰው የሚገባበት፣ ሰው የሚወጣበት ነው። ያን ፊት የሚያውቅ አንድ ሰው ካየው «የት አያችሁት?» ይለናል። ጠያቂው ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ ጥያቄው ደህና መልስ የለውም።

«በጎኑ አዙሪው፣ የኔ ልጅ» አሏት አባቴ። «ያን ጊዜ ማንነቱ አይታወቅም።»

«በጎኑ ካዞርሁት ክፉ ይሆናል፣ አባባ! እኔ ሁለቱንም ዓይኑን አይቻለሁ።»

«ያን ሰው አላየነውም» አልኋት።

«አየነው እኮ።»

«አላየነውም!»

ድምፄ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም። ልጄ ግን ድሮ ባጃጅ ሲንጣጣ ታይ እንደነበረው አየችኝ። ከዚያ ብሩሹን አነሣችና ጥቁር ቀለም ውስጥ ነከረችው። ከአገጩ ጀመረች። ጥርሱን፣ ከንፈሩን፣ ጠባሳውን፣ ጉንጩን አንድ በአንድ ሸፈነችው። መጽሐፉ ከፊት ወደ ኋላ ሲገለጥ እንደሚሆነው፣ ሰው የነበረው ጭራቅ ሆነ። የተወችለት ሁለቱን ዓይኖቹን ብቻ ነው።

ብሩሹን አያቷ እንዳስተማሯት አጥባ አስቀመጠች። ከዚያ መጥታ ቀሚሴን ያዘች።

«እማ» አለችኝ፣ «እኔም አላየሁም።»