አንገቱ ይቅደም ወይስ ልቡ

በእኛ ቤት በሽታ ከበሽተኛው በስተቀር ለሁሉም ይነገራል። የአባቴ የልብ ደም ስሮች መጥበባቸውን ካሳንቺስ ያለ ጎረቤት ሁሉ ሲያውቅ፣ ለእሱ ግን የጨጓራ ነገር ነው ተብሎ ነበር። የወሰነችው ታላቅ እህቴ ናት።

"ከሰማ በድንጋጤ ይሞታል" አለች።

"በድንጋጤ ሞተ የሚባል ሰው ሁሉ ሲጣራ ሌላ በሽታ ነበረበት" አልኳት።

"አንተ ደግሞ መጽሐፍህን እዚያው።"

ቀዶ ሕክምና የግድ ሲሆን ደግሞ "ልብህ ትንሽ ይጸዳል" ተባለ። ደረት ተከፍቶ ስለሚደረግ ነገር እንዲህ ያለ የጽዳት ቋንቋ ሰምቼ አላውቅም። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ልብስ ሰፊ ነው፤ ዛሬ የመስታወት ሕንፃ በቆመበት ቦታ ከአንድ ጫማ ሻጭ ጋር የሱቅ ግድግዳ ተጋርቶ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ኮት ሲያስተካክል ኖሯል።

በምርመራው መሃል ሌላ ነገር ተገኘ። በግራ አንገቱ በኩል ወደ አንጎል ደም የሚወስደው ስርም ጠቧል። ሐኪሙ እኔንና እህቴን ኮሪደር ላይ አቁሞ አስረዳን። ልቡን ቢያስቀድሙ በዚያ መሃል አንጎሉ ደም ሊያጣ ይችላል። አንገቱን ቢያስቀድሙ ልቡ ላይችለው ይችላል። ሁለቱን በአንድ ላይ መሥራትም አለ፤ እሱም የራሱ አደጋ አለው።

"የሚወስነው አንገቱ ምልክት ማሳየት አለማሳየቱ ነው" አለ። "አንድ ዓይኑ ለጥቂት ጊዜ ጨልሞበት፣ እጁ ዝሎ ወይም አፉ ተሳስሮ የሚያውቅ ከሆነ አንገቱን አንተወውም። ካልሆነ ልቡን ብቻ እንሠራለን።"

እህቴ የአንገቱ ነገር በአባቴ ፊት እንዳይነሳ ለመነችው። ሐኪሙም የእኛው አገር ሰው ነውና ተስማማ።

ገባን። አባቴ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ጠርዙን በጣቶቹ ያዞረዋል።

"አባባ፣ አንድ ዓይንዎ ድንገት ጨልሞብዎት ያውቃል? እጅዎስ ዝሎብዎት?" አለ ሐኪሙ።

አባቴ አፉን ከፈተ።

"ኧረ የለበትም ዶክተር" አለች እህቴ። "መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገባው እኮ ያለ መነጽር ነው።"

አባቴ እሷን አየ፣ እኔን አየ። "ልጄ እንዳለችው ነው" አለ። ሐኪሙ ጻፈ።

ስንመለስ ኦሎምፒያ ወርደን ሻይ ጠጣን። አባቴ እጁን ሊታጠብ ሲነሳ እህቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ቢያንስ አንገቱ ከቢላ ተረፈ" አለችኝ። ፊቷ በርቶ ነበር።

ልቡ ተሠራ። ሥራው ያማረ እንደነበር ነግረውናል። ከማደንዘዣው ሲነቃ ግን ቀኝ እጁ አልታዘዘውም፣ ቃልም አልነበረውም።

ጫማ ሻጩ ጎረቤቱ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀው መጣ። ብርቱካኑን ለእህቴ ሰጥቶ አልጋው አጠገብ ተቀመጠ።

"እኔማ ድሮም ፈርቼ ነበር። መቀሱ ከእጁ ሲወድቅ አይቻለሁ። አንድ ቀን ደግሞ 'ግራ ዓይኔ ላይ መጋረጃ ወረደብኝ' ብሎ ትከሻዬን ያዘ። ትንሽ ቆይቶ ተወው።"

"ታዲያ ጋሼ፣ ምነው ሳይነግሩን?" አለች እህቴ።

"አስምሎኝ ነው የኔ ልጅ። 'ልጆቼ እንዳይሰሙ፣ ይደነግጣሉ' አለኝ።"

እህቴ ብርቱካን መላጥ ጀመረች። የሚበላ ሰው አልነበረም፤ እሷ ግን ሁሉንም ላጠች።

ሰዎች ይህን መተሳሰብ ይሉታል። ይበሉት። እሱ ለእኛ አስቦ ደበቀን፣ እኛ ለእሱ አስበን ደበቅነው፣ ሐኪሙ ለሁላችንም አስቦ ዝም አለ። ከዚህ ሁሉ መተሳሰብ ጥቂቱን ብንቀንስ ዛሬ ይናገር ነበር ማለት ያምረኛል፤ ግን አንገቱ ቢቀድም ልቡ እዚያው ሊቆም ይችል ነበር። ይህን የሚያውቅ የለም። እኔን የሚያንገበግበኝ የከፈተው አፍ ነው።

ለክትትል ስንመለስ ሐኪሙ ወንበሩን ወደ አባቴ አስጠጋ። "አባባ፣ እንዴት ነዎት?"

እህቴ በዚህ ጊዜ ከንፈሯን ነክሳ ጠበቀች። ሁላችንም ጠበቅን። አባቴ ቃል ፈለገ፤ ግራ እጁ ባዶውን ጨበጠ፣ ለቀቀ፣ ደግሞ ጨበጠ። በመጨረሻ ወደ እህቴ ዞረና መልሺልኝ እንደማለት በአገጩ አመለከታት።

"ደህና ነው ዶክተር" አለች።