ያልተለቀሰለት አረጋ

«እማማ አስቻለች፣ በደርግ ጊዜ ኪነት አይተው ያውቃሉ?» ይሉኛል የዘንድሮ ልጆች። ኧረ አይቻለሁ፤ እስኪያንገፈግፈኝ አይቻለሁ። እነሱ ዛሬ ዘፋኝ መጣ ሲባል አጊጠው፣ ከፍለው ነው የሚገቡት። እኛ የገነተ ማርያም ሰዎች የምንሄደው ስማችን ተጠርቶ ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከፋለ ከዋርካው ሥር ቆሞ ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል። እግርህ ቢያብጥ፣ ላምህ ምጥ ላይ ብትሆን፣ ላሊበላ ድረስ ወጥተህ ቆመህ ማጨብጨብ ነው። ደስ ብሎህ ማጨብጨብ አንድ ነገር ነው፤ እንዳይቀጡህ ማጨብጨብ ግን ትከሻ ይገነጥላል።

ሐሰት ምን ያደርጋል፣ መጀመሪያውን ወድጄው ነበር። ስልሳ ዘጠኝ ይመስለኛል፤ ጄነሬተርና ድምፅ ማጉያ በጭነት መኪና ጭነው መጡ። አንዲት ልጅ አፏን ከፈት ስታደርግ ድምፁ ከማዶው ተራራ ተመልሶ ሲመጣብን ሴቱ ሁሉ አማተበ። ቀሚሳቸው አንድ ዓይነት፣ ጫማቸው አንድ ዓይነት፣ ትከሻቸውም አንድ ላይ ነው የሚወርደው። እልል አልን። በሌላው ዓመት ደግሞ ዝናብ ወረደ። ዘፋኞቹ ሸራ ሥር ገብተው እየዘፈኑ፣ እኛ ሜዳው ላይ ቆመን በዝናብ ተደበደብን፤ ካድሬው ማንም ንቅንቅ እንዳይል አዞ ነበር። እንደ ራሰ ዶሮ ሆነን ተመለስን፣ እኔም ሳምንት ሙሉ ሳልኩ። ከዚያ ወዲያ ኪነት መጣ ሲባል ወገቤን ነው የሚያመኝ።

ሁልጊዜ አብራኝ የምትሄደው ጎረቤቴ እትዬ ገለቴ ነበረች። እትዬ ገለቴ አልቃሽ ናት። አልቃሽ ስል የምታለቅስ ሴት ማለቴ አይደለም፤ ሙሾ አውራጅ ማለቴ ነው። ሰው ሲሞት ከብልባላም ከኩልመስክም በቅሎ ተልኮ የሚመጣላት፣ ሜዳ ላይ ቆማ የሟቹን ስም ስትጠራ ተራ መንገደኛ እንኳ ጭነቱን አውርዶ ደረቱን የሚመታላት ሴት ነበረች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቀልደኛ። አልቃሽ ይቀልዳል ወይ እንዳትሉኝ፤ ከእሷ በላይ የሚያስቅ ሰው በሰፈራችን አልነበረም። ኪነት ላይ ዘፋኞቹ ስለ ትራክተር ሲዘፍኑ፣ ትራክተሩ ይኼን ገደል በየት በኩል ይወጣል እያለች በሳቅ ታፈርሰኝ ነበር።

አንድ ልጅ አላት፣ አረጋ። ከሁላችን ኪነት የሚወድ እሱ ብቻ ነበር። ስሙ እስኪጠራ አይጠብቅም፣ ቀድሞን ወጥቶ ከመድረኩ ሥር ይቆማል። ከበሮው ሲመታ ዘሎ መሐል ይገባና ዘፋኞቹ እስኪስቁ ይጨፍራል። እናቱ ይኼ ልጅ ኋላ ሚስት ሳይሆን ከበሮ ነው የሚያገባው ትል ነበር። አፏ ይበል እንጂ ዓይኗ ከሱ አይነቀልም።

ክፉው ቀን መጣ። ሰባ ሰባትን መተረክ አልፈልግም፤ ደክሞኛል። ያየ ያውቀዋል፣ ያላየ አያምነኝም። አረጋ እህል ይሰጣል ሲባል ከጎረምሶች ጋር ወደ ኮረም ሄደ። ከተመለሱት አንዱ ነው የነገራት፤ መንገድ ላይ ወድቆ ቀረ፣ ከሌሎች ጋር ድንጋይ አለበስነው፣ ቦታውን ብንመለስ አናገኘውም አላት። በቃ፣ ይኼው ነው። አንድ ልጅ አሳድጋ የሰማችው ወሬ ይኼው ነው።

ታዲያ የኛ አገር አልቃሽ ለራሷ ሬሳ ሙሾ አታወርድም። ሙሾ የሚያወርድ ሰው ልቡን መያዝ አለበት፤ ልጇ የሞተባት ምኑን ትይዛለች? ለእሷ ሌላ አልቃሽ ትመጣላታለች፣ እሷም በተራዋ ትከፍላለች። ለቅሶ ብድር ነው። የእትዬ ገለቴ ባል የሞተ ጊዜ ከብልባላ እትዬ አመተ ሥላሴ መጥታ አውርዳለታለች። አሁን ግን አመተ ሥላሴ ወዴት ትምጣ? በሰፈራ ተጭና ሄዳለች፤ ትኑር ትሙት የሚያውቅ የለም። ሌሎቹም አልቃሾች አንድም ሞተዋል፣ አንድም አገር ጥለዋል።

አረጋ እንዲሁ ቀረ። መምሬ ወልደ ሰንበት ፍትሐት አድርሰውለታል፤ እግዜር ይስጣቸው፣ ያለ ቁራሽ ያለ ጠላ ነው ያደረሱት። ገለቴ ልጄ፣ ነፍሱ አርፋለች ቢሏት፣ እሷ ግን፣ አባቴ፣ ፍትሐቱስ ለእግዜር ደረሰ፤ ሰው ግን አንድ ቀን ቆሞ ስሙን አልጠራውም፣ እንደ ውሻ መንገድ ላይ ቀረ አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋ ተዘጋ። ለማንም ማውረድ እምቢ አለች። የኔ ሳይወጣ የሰው አላወጣም አለች። ቀልዱም ጠፋ፣ እህልም ከአፏ ራቀ። እኔ ቆሎ ይዤ እሄዳለሁ፣ ቆሎው እዚያው ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ሴትየዋ ዓይኔ እያየ እየሞተችብኝ ነበር።

ሁላችንስ ወጥተን ለምን አላለቀስንላትም? ይኼን ማንም ይጠይቀኛል። በየቤቱ ሬሳ ነበረና ነው። የማንን አስቀድመን የማንን እናስከትል? ደግሞም ያለ ማኅበሩ ፈቃድ መሰብሰብ ክልክል ነበር፤ ለቅሶና ተዝካር ሥራ ያስፈታል፣ ኋላ ቀር ነው ተብሏል። እትዬ ገለቴ ወደ ሊቀመንበር ከፋለ ሄዳ ለመነችው። አብሬያት ቆሜ ሰምቻለሁ። ከፋለ ፊቷን እንኳ ሳያይ፣ ያንቺን ብፈቅድ የማንን እከለክላለሁ፣ ዓመት ሙሉ ስናለቅስ ልንከርም ነው ወይ አላት። የዚያን ቀን ከፋለን አንቄ ብገድለው ደስታዬ ነበር። ከአገር ጋር የመጣ ሞት ሠርግ ነው ይላሉ። ይኼን የተናገረ ሰው በሰባ ሰባት ላስታ አልነበረም።

ሰባ ስምንት ገባ። ዝናቡ ጥሩ ጥሎ ገብሱ ሜዳ ሙሉ አረንጓዴ ሆኗል፤ የሚያጭደው ሰው ነው የጠፋው። ለአብዮት በዓል ኪነት ከደሴ ይመጣል፣ ሁሉም ይውጣ ተባለ። እትዬ ገለቴ ታማለች ብዬ ላስቀራት ነበር፤ እሷ ግን ከኔ ቀድማ ተነሥታ ደጅ ቆማ አገኘኋት። የአረጋን ጋቢ አጣጥፋ በብብቷ ይዛለች። በርዷት ነው አልኩ። 

ሜዳው ላይ ሰው ቆመ። ሰው ማለት ከባድ ነው፤ አጥንት በኩታ ተጠቅልሎ ቆመ። ካድሬው ተናገረ፣ ተናገረ፣ አልጨርስ አለ። ድርቅን አሸንፈናል ሲል አጨብጭቡ ተባልን፣ አጨበጨብን። የእጃችን ድምፅ ገለባ ነው የሚመስለው። ልጃገረዶቹ ዘፈኑ፣ ትከሻቸው ወረደ፣ እልል የሚል ሰው ግን ጠፋ። ካድሬው ወዲህ ወዲያ ሲል አየሁት፤ ሕዝቡን የሚያነቃ ነገር ፈልጎ ነው።

ያን ጊዜ አባስ የሚባል መሰንቆ መቺ አወጡ። ከደሴ ወዲያ የመጣ የወሎ እስላም ነው፣ ጎልማሳ፣ ድምፁ ሻከር ያለ። ስንኝ ስጡኝ ልቀበል አለ። ወጉን ታውቁታላችሁ፤ ሰው ሁለት መስመር ተቀበል ብሎ ይሰጣል፣ ዘፋኙ በመሰንቆው ላይ ያስቀምጠዋል። አንድ የማኅበር ሰው አብዮቱን አሞገሰ፣ አባስ ተቀበለ። ሌላው ካድሬውን አሞገሰ፣ አባስ ተቀበለ። እሱም ደክሞታል፤ ከንፈሩ ይዘፍናል፣ ዓይኑ ሌላ ቦታ ነው።

እትዬ ገለቴ ሰዉን እየገፋች ሄደች። ነጠላዋን ልይዛት እጄን ስዘረጋ አልደረስኩባትም። አረጋ ይጨፍርባት የነበረችው ቦታ ላይ፣ ከመድረኩ ሥር፣ ጋቢውን ዘረጋችው። ባዶ ጋቢ መሬት ላይ ሲዘረጋ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የላስታ ሰው የለም፤ ሬሳው የሌለ ሟች እንዲህ ነው የሚለቀስለት። ቀና ብላ፣ ተቀበል ልጄ አለችው። ድምፅዋ ተሰባብሮ፣ እንደ ዜማ ሳይሆን እንደ ተራ ወሬ ነው የወጣው፦

«ለሰው ሟች አልቅሼ፣ ሰው ሁሉ ሸኝቼ፣
አረጋን ዓመቱን አስቀመጥኩት ትቼ።»

አባስ መሰንቆውን አቆመ። ጋቢውን አየ፣ እሷን አየ። ካድሬው ከኋላው ቀጥል፣ ሌላ ዘፈን ቀጥል ይለዋል። እኔ አሁን ሁለቱንም ያስሯቸዋል አልኩ።

አባስ ግን ከመድረኩ ወረደ። ከፊቷ ተንበርክኮ በቀስታ ጠየቃት፤ ቅርብ ስለነበርኩ ሰምቻለሁ።

«ልጅዎ ነው እናቴ?»

«ልጄ ነው። ኮረም መንገድ ላይ ቀረ። አንድም ሰው አላለቀሰለትም።»

«አብሽሩ እናቴ» አለና መሰንቆውን እዚያው መሬት ላይ ተቀምጦ ቃኘው። የዘፈኑን ቅኝት ተወው። ዝቅ አድርጎ፣ ቀስ አድርጎ፣ መጀመሪያ የሷን ስንኝ ተቀበለ። ከዚያ የራሱን ጨመረ፦

«ከኮረም መንገድ ላይ የቀረህ አረጋ፣
ይኸው ሰዉ መጣ አንተኑ ፍለጋ።»

ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ ከኋላ፣ አረጋ ወንድሜ ብሎ ደረቱን መታ። አረጋን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ከዚያማ የሚይዘው አልተገኘም፤ ሜዳው በሙሉ ተነሣ። ዓመት ሙሉ የተዋጠ እንባ ነው። አረጋ፣ አረጋ ይላል ሁሉም፤ የሚያለቅሰው ግን እያንዳንዱ የራሱን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፣ እኔም የማለቅሰው የራሴን ነበርና። ዘፋኞቹ ልጃገረዶች በዚያ አንድ ዓይነት ቀሚሳቸው ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። እትዬ ገለቴ ጋቢው አጠገብ ተቀምጣ ጉልበቷን አቅፋ እንደማንኛዋም እናት ጮኸች። ሙሾውን ሌላ ሰው ይዞላት ስለነበር መጮህ ቻለች።

ካድሬው ጄነሬተሩን አጥፉ አለ። ጠፋ። ድምፅ ማጉያው ዝም ሲል ለቅሶው ባሰበት። ሊቀመንበር ከፋለን በክንዱ ይዞ በጆሮው ተናገረው፤ ምን እንዳለው ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም፣ ያንተ ሰው ናት፣ አንሣት ነው ያለው። ከፋለ ሰዉን ሰንጥቆ መጣ። ዙሪያዬ ያለው ሰው ለቅሶውን እየተወ ወደ ኋላ አለ፤ አባስ እንኳ ቀስቱን ከመሰንቆው ላይ አነሣ። እኔ ከፊቷ ልቁም ብዬ ተነሣሁ። ምን ላደርግ እንደነበር አላውቅም።

ከፋለ አላየኝም። ከጋቢው ጫፍ ሲደርስ ቆመ።

«እትዬ ገለቴ» አለ፣ «የደብሪቱንም።»

ደብሪቱ ሚስቱ ነበረች። በክፉው ቀን እርጉዝ እያለች ሞታ፣ ጠዋት ቀብሯት ከሰዓት በኋላ ስብሰባ የመራ ሰው ነው። ድንጋይ ነው ብለን አምተነዋል። አንድ ሰው እንኳ ሄዶ እግዜር ያጥናህ አላለውም፤ እኔም አላልኩትም።

እትዬ ገለቴ ቀና ብላ አየችው። ዓመት ሙሉ የልጇን ለቅሶ የከለከላት ሰው ይኼ ነው። እኔ ብሆን ፊቴን አዙሬ እተፋበት ነበር። እሷ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች፣ የአባስን ትከሻ ተደግፋ ተነሣች፣ ነጠላዋን አውርዳ ወገቧን አጥብቃ አሰረች። ቀስ በል ተከተለኝ አለችው አባስን።

ከዚያ ያ ድምፅዋ መጣ፤ ክፉው ቀን ከገባ ወዲህ ያልሰማነው ድምፅ። መጀመሪያ የጠራችው ደብሪቱን ነው። ሊቀመንበር ከፋለ ባርኔጣውን አውልቆ መሬት ላይ ጣለው፣ ደረቱንም መታ።