አይሆንም የሚለው ሪሴተር

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጋሽ ሙክታር በእጄ ያስያዙኝ ሲሪንጅ ነበር። “መርፌውን ስታስገቢ ቀስ፤ ቀለሙን ስትገፊ ደግሞ ከዚያም ቀስ” አሉኝ። ቀስ ማለት ከተፈጥሮዬ ጋር አይሄድምና ገና ረፋዱ ላይ ሰማያዊ ቀለም ቀሚሴን አጠጣሁት። እናቴ ቀሚሱን ስታይ “ለመሆኑ የገባሽው ኮምፒውተር ቤት ነው ወይስ ልብስ ማቅለሚያ?” አለችኝ።

ሱቃችን ከአሰላ መናኸሪያ ብዙ አይርቅም። ፕሪንተር እንጠግናለን፣ ቶነርና የቀለም ካርትሪጅ እንሞላለን። ደንበኞቻችን ከኢተያ እስከ ጢቾ ያሉ መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ፎቶ ቤቶች ናቸው። ጋሽ ሙክታር የሱቁ ባለቤትም ዋናው ጠጋኝም ነበሩ። እኔ ቀለም በመሙላት ጀምሬ ረዳት ጠጋኝ ሆንኩ። ዛሬ የእሳቸው ዓይን ስለደከመ ጥቃቅኑ ሥራ ሁሉ የእኔ ነው።

ለሙያው አዲስ ለሆናችሁ ልንገራችሁ። ካርትሪጅ ግንባሩ ላይ ጥፍር የምታክል ቺፕ አለችው። ቺፗ ቀለሙን አትለካም። የታተመውን እየቆጠረች ትገምትና “አልቋል” ብላ ለፕሪንተሩ ታሳብቃለች። ካርትሪጁን አፉ ድረስ ብትሞሉትም ሐሳቧን አትቀይርም። ሪሴተር የምንለው መሣሪያ ቆጠራዋን ወደ መጀመሪያው ይመልሰዋል። የመርፌ ጫፍ የመሰሉ ፒኖቹን ቺፗ ላይ አሳርፎ ትንሽ መጫን ነው። ከተሳካ አረንጓዴ መብራት ይበራል፣ ካልተሳካ ቀይ።

አንዳንድ ደንበኛ ሪሴተሩን ራሱ ይገዛና ቀለም ሳይሞላ ቺፗን ብቻ እየመለሰ ያትማል። ስክሪኑ “ሙሉ ነው” ይላል፣ የካርትሪጁ ሆድ ግን ባዶ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው። በመጨረሻ ቀለሙን የሚረጨው የፕሪንተሩ ሄድ ደርቆ ይቃጠልበትና ፕሪንተሩን በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ ወደ እኛ ይመጣል።

በሱቃችን አንድ ልማድ ነበር። ደንበኛ አረንጓዴዋን በዓይኑ ሳያይ አይሄድም። “እስቲ አሳዪኝ” ይላል፣ እኔም ካርትሪጁን ወደ እሱ አዙሬ እጫናለሁ። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አድርገው የሚያዩ ሽማግሌዎች ነበሩ። አረንጓዴዋ የሱቁ ማኅተም ሆና ነበር።

የድሮው ሪሴተራችን ፒኖቹ ተጣመው ሲያልቁ ጋሽ ሙክታር አዲስ አበባ ወርደው ሁለት ይዘው መጡ። አንደኛው ከኮምፒውተር ላይ ኃይል የሚወስድ፣ የሚያብለጨልጭ ነጭ መሣሪያ ነው። ሻጩ “ለሁሉም ዓይነት ካርትሪጅ ይሆናል” ስላላቸው ማስተር አልነው። ሁለተኛው በሰዓት ባትሪ የሚሠራ ጥቁር ነው። ለአንድ ዓይነት ፕሪንተር ብቻ ነው የሚያገለግለው። ገዢ ያጣ ነገር ስለሆነ ሻጩ በምርቃት ሰጥቷቸዋል።

ማስተሩ ገና ሲነካ አረንጓዴ ይበራል። ጥቁሩ ደግሞ ግትር ነው። ቀይ ያበራል፣ ያስባል፣ እንደገና ቀይ ያበራል፣ አንዳንዴም በዚያው ይቀራል። ጋሽ ሙክታር ጠሉት። “ይኼ ነገር ደንበኛ ያባርርብናል” ብለው መሳቢያ ውስጥ ወረወሩት። እኔም ብሆን ማስተሩን ወደድኩት፣ ፍጥነት እወዳለሁ።

ብዙም ሳይቆይ ግን ሰዎች እየተመለሱ መጡ። “ሞልታችሁልኝ ነበር፣ ፕሪንተሩ አልቀበል አለ” ይላሉ። ጋሽ ሙክታር ማስተሩን ይጫኑላቸዋል፣ አረንጓዴ ይበራል። “እንግዲህ ፕሪንተርህ ነው” ይሏቸዋል። ሰውየው አረንጓዴዋን በዓይኑ አይቷልና ካርትሪጁን ይዞ ይመለሳል።

ሰኔ ውስጥ አንድ ቀን ጠዋት ጫልቱ መጣች። ጫልቱ ዲክሲስ አካባቢ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት። ልጇን ብቻዋን ታሳድጋለች፣ ሥራውን ያገኘችው በሙከራ ነው፣ የሙከራ ጊዜዋም ሊያልቅ ነበር። የፕሪንተሯን አራት ካርትሪጆች በጨርቅ ጠቅልላ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው።

“ጽጌዬ፣ ማሎ፣ ዛሬውኑ ድረሺልኝ” አለችኝ። “ሰማያዊው አልቋል ብሎ ጥቁሩንም አላትምም አለ። ነገ የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ይጀመራል። ርእሰ መምህሩ ‘ፈተናው ካልደረሰ ቋሚነትሽን እርሺው’ ብሎኛል።”

“ፈተናውን በፍላሽ አምጪውና እዚህ እናትመዋ!”

“ፈተና ከግቢ አይወጣም። ከወጣማ ጭራሽ እታሰራለሁ!”

ቀለሙን ሞላሁ። ጋሽ ሙክታር ማስተሩን አነሡና አራቱንም እያሳዩዋት ነካ ነካ አደረጓቸው። አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ። መጨረሻ ላይ ሰማያዊውን ሲነኩ መብራቱ ፒኖቹ በደንብ ሳያርፉ የቀደመ መሰለኝ።

“ጋሼ፣ ይኼን በጥቁሩ ሪሴተርም ልሞክረው? ለዚህ ዓይነት ፕሪንተር ነው የተሠራው” አልኳቸው።

“አንቺ ልጅ፣ መኪና ሊያመልጣት ነው! አረንጓዴ አላየሽም እንዴ?”

ያ ዓይነት ፕሪንተር ሱቃችን ውስጥ ስላልነበረ ከመላካችን በፊት ልንፈትሻቸው አልቻልንም። ጫልቱ ካርትሪጅ መግጠም ስለምትፈራ አብሬያት እንድሄድ ለመነች። ትምህርት ቤቱ ደህና ደንበኛ ነበርና ጋሽ ሙክታር ፈቀዱ። ማስተሩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። መሳቢያውን ስዘጋ ጥቁሩን ሪሴተርም አነሣሁት።

ከእኩለ ቀን በኋላ የሄደው ሚኒባስ ጭጋግ ውስጥ ገብቶ እየተንፏቀቀ ነበር። ጭቃው አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ ይጎትተዋል። ጫልቱ ካርትሪጆቹን እንደ እንቁላል ጭኗ ላይ አቅፋለች። እኔ ደግሞ ያቺ የቸኮለች አረንጓዴ ከዓይኔ አልጠፋ አለችኝ።

ርእሰ መምህሩ አቶ ገመቹ የቢሮው በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። ማባዣ ማሽኑ ወረቀት ጠግቦ ተዘጋጅቷል፣ የሚጠበቀው ከፕሪንተሩ የሚወጣው ዋናው ቅጂ ብቻ ነው። ካርትሪጆቹን ገጠምኳቸው። ፕሪንተሩ ጥቁሩን ቀለም ተቀበለ፣ ቢጫውን ተቀበለ፣ ቀዩን ተቀበለ። ሰማያዊው ጋ ሲደርስ ስክሪኑ “አልታወቀም” አለ።

አወጣሁት፣ ቺፗን በአልኮል ጠርጌ መለስኩት። አልታወቀም። ማስተሩን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቼ ተጫንኩት፣ አረንጓዴ። መለስኩት። አልታወቀም። 

“ማል ጄቹዳ? ምን ማለት ነው?” አሉ አቶ ገመቹ። “መሣሪያሽ ደህና ነው ካለ ካርትሪጁ ደህና ነው። እንግዲያ ፕሪንተሩ ተበላሽቷል ማለት ነው። ይኼን ፕሪንተር ከእሷ ሌላ የሚነካው ሰው የለም።”

ጫልቱ “ያ ረቢ” ብላ ግድግዳውን ተደገፈች።

በዚህ መሐል ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ሙክታር ነበሩ። በረንዳ ላይ ወጥቼ አነሣሁት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው እየጮሁ ነበር የሚያናግሩኝ። የሆነውን ነገርኳቸው።

“ፕሪንተራቸው ነው በያቸው!” አሉኝ። “ሰማሽ? መሣሪያችን ነው ካልሽ ነገ አሰላ ሙሉ ይሰማዋል። እንጀራዬን እንዳትዘጊብኝ!”

“ጋሼ፣ ልጅቷ ከሥራ ልትባረር ነው እኮ።”

“እኛ ምን እናድርግ? አረንጓዴውን ራሷ አይታዋለች!”

ስልኩን ዘጋሁት። አልዋሽም፣ ፈራሁ። ከዚያ ሱቅ ሌላ ሥራ አላውቅም፣ እሳቸው ደግሞ አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደ አባት የያዙኝ ሰው ናቸው። ግን ፕሪንተሩ ነው ብዬ ብሄድ ጫልቱ ዛሬውኑ አለቀላት። መሣሪያው ነው ለማለት ደግሞ በእርግጥ ማወቅ ነበረብኝ።

ተመልሼ ገባሁና ከጠረጴዛው ላይ ላጲስ አነሣሁ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔ የማስተሩን ፒኖች ላጲሱ ላይ ተጫንኩ። አረንጓዴ በራ። ጠረጴዛው ላይ ተጫንኩ። አረንጓዴ። መሣሪያው ቺፕ አያነብም፣ ምንም አይመልስም። ፒኖቹ ወደ ውስጥ ሲገፉ መብራት ያበራል፣ በቃ።

“አቶ ገመቹ፣ ይመልከቱ” አልኩ። “በዚህ መሣሪያ አባባል ላጲስዎም በቀለም ሞልቷል። ፕሪንተርዎ ደህና ነው። ጫልቱም ምንም አላበላሸችም። የተበላሸው የእኛ ሪሴተር ነው።”

“ሦስቱን ታዲያ ለምን ተቀበላቸው?”

“ድሮም አላለቁማ! ያለቀው ሰማያዊው ብቻ ነበር።”

 መሣሪያውን ተቀብለው ራሳቸው ላጲሱ ላይ ተጫኑት። አረንጓዴ ሲበራ ከጥርሳቸው መሐል አንድ ነገር በኦሮምኛ አጉረመረሙ፤ ደግ ቃል አልነበረም። “እሺ፣ አሁን ምን ይሻላል?” አሉ።

ጥቁሩን ሪሴተር ከቦርሳዬ አወጣሁና ሰማያዊው ካርትሪጅ ላይ ተጫንኩት። ቀይ። ያዝ አደረግኩት። ቀይ። ያቺ ቺፕ ከነጭራሹ ሞታለች፤ ማስተሩ ግን ለሞተችውም አረንጓዴ ያበራል። አሮጌ ሰማያዊ ካርትሪጅ ካለ ቺፗን ነቅዬ በሞተችው ቦታ ልለጥፍ እንደምችል ነገርኳቸው።

ጫልቱ ከግድግዳው ተላቀቀች። “ዕቃ ግምጃ ቤት አለ! ባዶዎቹ ሁሉ አሉ!”

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ባዶ ካርትሪጅም ንብረት ነው። አስወጋጅ ኮሚቴ ተሰብስቦ ሳይወስን አይጣልም፣ ኮሚቴው ደግሞ በቀላሉ አይሰበሰብም። በዚህ ልማድ ስንስቅ ኖረን ያን ቀን አመሰገንኩት። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ግን ቁልፉን ጨብጦ “ያለ ወጪ ሰነድ አንድም ፍሬ አይወጣም” አለ። አቶ ገመቹ ድምፃቸውን ሳያነሡ “ክፈት፣ እኔ እፈርማለሁ” አሉት።

ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ገለበጥነው። ውጭ መምሸት ጀምሯል፣ አምፖሉ ይደክማል፣ ይበረታል። መብራት ከጠፋ ቺፕም ሪሴተርም ዋጋ የላቸውም። ከባዶዎቹ መሐል ሰማያዊዎቹን እየለየሁ ጥቁሩን ሪሴተር ተጫንኩባቸው። የመጀመሪያው ቀይ። ሁለተኛው ቀይ። ቀጣዩን በላጲስ አሽቼ ሞከርኩ፣ እሱም ቀይ።

“ይኼኛው ደግሞ ሁሉንም እምቢ ይላል!” አሉ አቶ ገመቹ።

“እምቢ ይበል፣ ቢያንስ አይዋሽም” አልኳቸው። 

ቀጥሎ ያለው ላይ መብራቱ ቀይ ሆነ፣ ብልጭ ብልጭ አለ፣ ቆየ።  ከዚያ አረንጓዴ ሆነ። በምላጭ ዙሪያውን ፈልቅቄ ቺፗን አነሣሁ፣ የሞተችውንም ነቀልኩ፣ የተገኘችውን በአንድ ጠብታ ሙጫ ቦታዋ ላይ አስቀመጥኩ። የፀጉር ያህል ከዘነበለች የፕሪንተሩ ፒኖች ይስቷታል። ጫልቱ በስልኳ እያበራችልኝ ነበር፣ ብርሃኑ ከቺፗ ላይ ይንሸራተታል። “ወደዚህ አብሪ” ብዬ ጮህኩባት፣ ወዲያው ደግሞ አዘንኩላት።

ገጠምኩት። ስክሪኑ አሰበ፣ አሰበ። ከዚያ ፕሪንተሩ አጉረመረመና ወረቀት መሳብ ጀመረ። የመጀመሪያው ገጽ ሲወጣ ጫልቱ ወንበር እያለ መሬት ላይ ተቀመጠች። አቶ ገመቹ ገጹን ብድግ አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡትና “ይባዛ” አሉ። እሷም ተነሥታ ማባዣውን አስነሣች።

የዚያን ዕለት ጫልቱ ቤት አደርኩ። በማግስቱ ፈተናው ሲጀመር እኔ በመጀመሪያው መኪና ወደ አሰላ ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ ለጋሽ ሙክታር የምለውን ሳወጣ ሳወርድ ነበር።

“ምን አልሻቸው?” አሉኝ ገና ስገባ።

“መሣሪያችን ነው አልኳቸው።”

ፊታቸው ተለዋወጠ። መናገር ከመጀመራቸው በፊት ማስተሩን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካሁና ሰጠኋቸው። ላጲስ ላይ ተጫኑት። መስታወቱ ላይ ተጫኑት። በመጨረሻ የራሳቸው አውራ ጣት ጥፍር ላይ ተጫኑት፣ አረንጓዴ በራ። “ወላሂ፣ ጥፍሬም ሞልቷል” አሉ። ልስቅ ስል ዓይናቸው ውኃ መሙላቱን አየሁ። “ስንቱን ሰው ‘ፕሪንተርህ ነው’ ብዬ መለስኩት፣ ጽጌ?”

ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራንም። የመለስናቸውን ሰዎች ያስታወስናቸውን ያህል እየደወልን ጠራን። አንዳንዱ ሰደበን። አንዱ የፎቶ ቤት ባለቤት ደህናውን ፕሪንተር ተበላሽቷል ብሎ ለሌላ ሰው አሳልፎ ሰጥቶታል። አሰላም ሰማ። ጥቂት ደንበኞች ሄዱ፣ አብዛኞቹ ቀሩ።

ጫልቱ ክረምቱ መሐል ላይ ሱቃችን መጣች። ቋሚ ሆናለች። ልጇን ይዛ ነበርና ጋሽ ሙክታር ብስኩት አስገዙላት። አቶ ገመቹ ደግሞ ዛሬም ካርትሪጅ ይዘው ሲመጡ አረንጓዴዋን ከማየታቸው በፊት ከኪሳቸው ላጲስ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጣሉ። አልቀየማቸውም፤ ሪሴተሩን ላጲሱ ላይ እጫንላቸዋለሁ፣ ቀይ ይበራል።

ሪሴተር ልትገዙ ስትሄዱ ላጲስ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ፊት ላጲሱ ላይ ተጫኑት። አረንጓዴ ካበራ አትግዙት።