ፋኖስ ያላት ዓሣ

ዛሬ ሐዴራ ገበያ፣ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ያቺን ዓሣ አየኋት፤ ግንባሯ ላይ መብራት የተንጠለጠለባት የጥልቅ ባሕር ዓሣ፣ ሥዕሏ በመስታወት ተሸፍኖ።

ልጅ ሳለሁ፣ ጊቫት ኦልጋ ሰፈር ስንኖር፣ ትምህርት ቤታችን ከጣላቸው መጻሕፍት የዓሣ ሥዕል ያለበትን አንዱን ለአያቴ ለአባባ ወሰድኩላቸው። ሻጋታ ሻጋታ ይሸት ነበር። ቅርፊት የሌለው ዓሣ በኦሪት አይፈቀድምና፣ አባባ ሥዕሉን በጣታቸው እየዳሰሱ ቅርፊት ይፈልጉ ጀመር።

«ይኼ የለውም፤ አይበላም።»

ባለ መብራቷ ዓሣ ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ይቺ ፋኖሷን ይዛ ነው የምትሄድ» አሉ። «ወደዚህ አገር ስንመጣ፣ በሱዳን መንገድ እንዲህ ያለ ቢኖረን፣ አክስትሽ በጨለማ አትጠፋብንም ነበር።»

«የትኛዋ አክስቴ፣ አባባ?»

ገጹን ገለጡ።

«ይኼም ቅርፊት የለው።»

አባባ አርፈዋል። እናቴም ስጠይቃት ወሬ ትለውጣለች። ጣቴን መስታወቱ ላይ፣ መብራቷ ላይ አሳረፍኩ። የአክስቴን ስም እስከ ዛሬ አላውቀውም።